ማክስ ኡልሪክ ሾፕ፤ ብረትን ብረት ያለበሰ ሰው

አንድ ሞተር አርጅቶ ከሥራ ውጭ ሆነ ሲባል ብዙውን ጊዜ መላ አካሉ አልቆ አይደለም፤ ያለቀው ገጹ ነው። 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዘንግ በኩሽኔታ መቀመጫው ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያህል በመፋቁ ብቻ የማይረባ ብረት ሆኖ ይጣላል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት በየቶርኖ ቤቱ የተለመደው መድኃኒት ብየዳ ነው። የተበላው ሥፍራ በብየዳ ይሞላል፤ ከዚያም በቶርኖ ተልጎ ወደ ልኩ ይመለሳል። ለእርሻ መሣሪያና ለጭነት መኪና ይህ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን ብየዳ ብረቱን በአንድ ወገን ያግለዋል፤ የጋለውም ወገን ይሰፋል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፣ ዘንጉን ይዞት ይጣመማል። በሙቀት ተዘጋጅቶ የተሰጠው ጥንካሬም በብየዳው አጠገብ ይጠፋል። በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ በሚሽከረከር የጋዝ ተርባይን ላይ ግን ዓይን የማያየው ጥመት እንኳ ሞተሩን በንዝረት ሊያጠፋው ይችላል።

ስለዚህ የጋዝ ተርባይን ክፍሎችን የሚጠግን ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ዕቃውን ሳያግሉ በላዩ ላይ ብረት እንዴት ይጨመራል የሚለው ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘው ስዊዘርላንዳዊ መልሱን ባገኘበት ጊዜ በጋዝ ተርባይን የሚበር አውሮፕላን በዓለም ላይ አልነበረም። ስሙም ዛሬ በሙያው መጻሕፍት መግቢያ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሶ የሚታለፍ ሆኗል። ከዚያ የበለጠ የሚገባው መስሎ ስለ ታየኝ ታሪኩን ለማኅበራችን አባላት ላቀርብ ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማክስ ኡልሪክ ሾፕ በ1870 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ የቱርጋው ካንቶን ዋና ከተማ በሆነችው በፍራውንፌልድ ተወለደ። ወደ ብረት ርጭት ከመድረሱ በፊት ሥራው በኤሌክትሮኬሚስትሪ ላይ ያተኮረ ነበር። በእርሳስ ባትሪ ሠርቷል፤ ውሃን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ሃይድሮጂንና ወደ ኦክሲጂን ስለ መለየት አጥንቷል፣ ጽፏልም። ከዚያ በኋላ አሉሚኒየምን በነበልባል የመበየድ ዘዴ አወጣ።

ይህ የአሉሚኒየም ጉዳይ አለፍ ተብሎ የሚተው አይደለም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል። ይሁን እንጂ አየር በነካው ቅጽበት ገጹን የሚሸፍነው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ እስከ 2,000 ዲግሪ ገደማ አይበገርም። በያጁ ነበልባሉን ቢያቀርብ ውስጡ ይቀልጣል፣ ቆዳው ግን ሁለቱን የቀለጡ ጫፎች ለይቶ ይይዛቸዋል፤ እንደ ወተት ሰልባቦት በመካከላቸው ይቆማል። የሾፕ መፍትሔ ቆዳውን የሚያሟሟ የጨው ቅመም መጨመር ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው በሠላሳዎቹ ዕድሜው እርሳስን፣ የኦክሲጂንና የሃይድሮጂንን ነበልባል፣ እንዲሁም በብረት ገጽ ላይ የሚቀመጠውን ኦክሳይድ በእጁ ያውቃቸው ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን ፈጠራ እንደ አጋጣሚ ብቻ የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ዝግጅት ይዘነጉታል።

ስለ ፈጠራው የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው። ሾፕ ልጆቹ በመጫወቻ ጠመንጃ የእርሳስ ጥይት ወደ ግንብ ሲተኩሱ ይመለከታል። ጥይቶቹ ግንቡን ሲመቱ እየተጠፈጠፉ ይጣበቃሉ፤ በላያቸው ላይ የመጡትም እንደዚሁ ይደራረባሉ። ከዚህ ተነሥቶ ብረትን በጣም ደቃቅ በሆኑ ጠብታዎች ከፋፍሎ በፍጥነት ቢተኩሱት ልባጥ ይሆናል ብሎ አሰበ ይባላል። እንደዚህ ያሉ የፈልሳፊዎች ተረቶች ከኒውተን አፕል ጀምሮ ብዙ ስለሆኑ እኔ በጥርጣሬ እቀበላቸዋለሁ። ቢሆንም ይህኛው ተረት ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለው። በተረቱ ውስጥ ያለው ጥይት ቀዝቃዛ ነው፤ የሚጣበቀው በሙቀት ሳይሆን በፍጥነት ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በሶቪየት ኅብረት፣ በኖቮሲቢርስክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያልቀለጠ የብረት ዱቄት ከድምፅ በፈጠነ የጋዝ ጅረት ሲተኮስ በብረት ገጽ ላይ እንደሚጣበቅ ደረሱበት። ዛሬ ቀዝቃዛ ርጭት በሚባለው በዚህ ዘዴ፣ ሙቀት የማይችሉ የሄሊኮፕተር ማርሽ ቤቶች ይጠገናሉ። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን ፊዚክሱ እውነት ነው።

ሾፕ ራሱ የጀመረው በሙቀት ነው። በ1909 እና በ1910 አካባቢ በሠራው የመጀመሪያ መሣሪያ የቀለጠው ብረት ከድስት እየወረደ በአፍንጫው በኩል ሲወጣ በታመቀና በጋለ ጋዝ ተመትቶ እንዲበተን አደረገ። መሣሪያው ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ከባድ ነበር፣ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ለእርሳስ፣ ለቆርቆሮና ለዚንክ ለመሳሰሉት በቀላሉ ለሚቀልጡ ብረቶች ካልሆነ በቀር አይመችም ነበር። ቀጥሎ የብረት ዱቄት በነበልባል ውስጥ መንፋትን ሞከረ። በ1912 ግን ዝናውን ያተረፈለትን መሣሪያ አወጣ፤ ይኸውም በእጅ የሚያዝ የሽቦ መርጫ ሽጉጥ ነው። የሚለበጠው ብረት በሽቦ መልክ ከሽጉጡ ኋላ ይገባል፤ ከፊት ለፊት ባለው ነበልባል መካከል ጫፉ ይቀልጣል፤ በነበልባሉ ዙሪያ የሚወጣው የታመቀ አየር የቀለጠውን ጫፍ እየቆረጠ ያደቅቀዋል፣ ወደ ዕቃውም ይወረውረዋል። ድስት የለም፣ ምድጃም የለም። የሚቀልጠው በዚያች ቅጽበት የሚፈለገው ያህል ብቻ ነው።

ሽቦውን ወደ ነበልባሉ በእኩል ፍጥነት የሚገፋው ደግሞ በሽጉጡ ሆድ ውስጥ የተቀመጠች፣ በዚያው በታመቀ አየር የምትዞር ትንሽ ተርባይን ነበረች፤ ፍጥነቷ በማርሽ እየተቀነሰ ሽቦውን ወደሚስቡት ጎማዎች ይደርሳል። ከጊዜ በኋላ የታላላቅ ተርባይኖች ጠጋኝ የሚሆነው መሣሪያ ገና ሲወለድ በተርባይን ይሠራ እንደ ነበር ባወቅሁ ጊዜ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። በዚያው ዘመን ሾፕ ሁለት ሽቦዎችን በኤሌክትሪክ አርክ እያቀለጡ የመርጨትን ዘዴም አስቦ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። የዘመኑ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ግን ለዚህ አልደረሰም ነበር፤ ዘዴው በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ጠብታዋን መከተል ይገባል፤ የነገሩ ሁሉ ምሥጢር በእሷ ውስጥ ነውና። የነበልባሉ ሙቀት ወደ 3,000 ዲግሪ ይጠጋል። ከሽቦው ጫፍ ተቆርሳ የምትሄደው ጠብታ ስፋቷ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ጥቂት እጅ ቢሆን ነው፤ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ትበራለች። ዕቃውን ስትመታ ትጠፈጠፋለች፣ በዕቃው ገጽ ላይ ባሉት ጥቃቅን ሸካራዎች ውስጥ ትሰርጋለች፣ ዓይን ከሚርገበገብበት ጊዜ እጅግ ባነሰ ጊዜም ትበርዳለች። ጠብታዋ ራሷ እሳት ናት፤ ነገር ግን የያዘችው የሙቀት መጠን እጅግ ትንሽ ነው። የብየዳ አስተማሪዎች ሙቀትና የሙቀት መጠን አንድ እንዳልሆኑ ደጋግመው ይነግሩናል፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ግን አላውቅም። ሽጉጡን እያንቀሳቀሱ፣ ዕቃውንም በቶርኖ ላይ እያዞሩ ቢረጩ ሚሊዮን ጠብታዎች ተደራርበው ልባጡ ይወፍራል፤ ዕቃው ግን ከ150 ዲግሪ በታች ሊቆይ ይችላል። ሾፕ ወረቀትንና እንጨትን ሳይቀር በብረት መለበጥ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚያው ከጠብታዋ ነው። ዕቃው ስላልጋለ ጠብታዋና ዕቃው አይዋሐዱም፤ ልባጡ የሚይዘው በአብዛኛው ከሸካራው ገጽ ጋር በመቆላለፍ ነው። ስለዚህ ገጹ አስቀድሞ በሹል አሸዋ ካልተገረፈ፣ ዘይትም ሆነ የጣት ወዝ ካለበት፣ ወይም ከተገረፈ በኋላ ብዙ ሰዓት ከቆየ ልባጡ እንደ አሮጌ ልስን ይላጣል። ደግሞም ጠብታዎቹ በአየር ውስጥ ሲበሩ ኦክሳይድ ይለብሳሉ፤ በመካከላቸውም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። የተረጨ ብረት ከተጠቀለለ ወይም ከተቀጠቀጠ ብረት ጋር ሲወዳደር ቀዳዳ የበዛበት፣ ሲጎትቱትም በቀላሉ የሚሰበር ነው። ሾፕና ተከታዮቹ የዘዴውን ጥቅም ሲያስፋፉ ይህን ድክመት ሁልጊዜ በእኩል ድምፅ አልተናገሩም ብዬ አምናለሁ። የተረጨ ልባጥ የዕቃውን ልክና ገጽ ይመልሳል፤ ጥንካሬውን ግን አይመልስም። እንዲያውም ልባጡ እንዲቀመጥ ተብሎ ዘንጉ በቶርኖ ሲቀነስ፣ በአሸዋም ሲገረፍ፣ የዘንጉ የድካም አቅም ሊቀንስ ይችላል። ይህን ያልተረዳ ጠጋኝ ስንጥቅ ያለበትን ዕቃ ለብጦ አዲስ አስመስሎ ሊያወጣው ይችላል፤ ስንጥቁም ከልባጡ ሥር ሥራውን ይቀጥላል።

ቢሆንም ዘዴው ተስፋፋ። በ1917 ከጉንተር ጋር ያዘጋጀው፣ የሾፕን የብረት ርጭት ዘዴ የሚያስረዳው መጽሐፍ በጀርመንኛ ታተመ፤ በ1935 ደግሞ ከዴሽሌ ጋር የጻፈው ሰፊ የሙያ መማሪያ በዙሪክ ወጣ። በእንግሊዝ አገር በዱድሊ ከተማ በ1922፣ በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ በ1933 በዚሁ ሥራ ላይ የቆሙ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ የኋለኛው ሜትኮ በሚለው ስም የታወቀው ነው። የብረት ድልድዮችና የውሃ ማጠራቀሚያዎች ዝገትን እንዲቋቋሙ በዚንክና በአሉሚኒየም ተረጩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አዲስ ዕቃ ሲጠፋ ያለቁ ዘንጎች በርጭት እየተሞሉ ወደ ሥራ ተመለሱ። በጀርመንኛ ከሰውየው ስም ግሥ ተፈጠረ፤ መርጨት ማለት ሾፒረን ተባለ። ፈረንሳዮችና ሩሲያውያንም ቃሉን በየቋንቋቸው ወረሱት።

በ1939 ክረምት፣ ሾፕ የ69 ዓመት ሰው ሳለ፣ ከዙሪክ ብዙም በማትርቀው በባደን ከተማ ብራውን ቦቬሪ የተባለው ኩባንያ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሆን የመጀመሪያውን የጋዝ ተርባይን ፈተነ። ፈተናውን የመሩት የተርባይን ሊቁ ስቶዶላ ነበሩ። ለኒውሻቴል ከተማ የተሠራው ይህ ተርባይን 4,000 ኪሎ ዋት ያመነጭ ነበር፤ ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ ሙቀት 550 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ከነዳጁ ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠውም 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጋዙ ይበልጥ ቢሞቅ ትርፉ ይበልጥ ነበር፤ ብረቱ ግን አይችልም። ከዚያ ወዲህ ያለው የጋዝ ተርባይን ታሪክ በአብዛኛው ይህን ሙቀት የመጨመር ታሪክ ነው። ዛሬ በታላላቆቹ ተርባይኖች ውስጥ የሚገባው ጋዝ ከ1,500 ዲግሪ ይበልጣል፤ ክንፎቹ የተሠሩበት የኒኬል ቅይጥ ግን በ1,300 እና በ1,400 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። በውስጣቸው የሚያልፈው ማቀዝቀዣ አየርና በላያቸው ያለው ልባጥ ባይኖሩ አይቆሙም ማለት ነው።

ሾፕ ይህን ሁሉ አላየም። በ1956፣ በፌብሩዋሪ 29 ቀን፣ በ85 ዓመቱ በዙሪክ አረፈ። በእነዚያው ዓመታት በአሜሪካ የሊንዴ ኩባንያ ጋዝን በቱቦ ውስጥ እያፈነዳ ዱቄትን ከድምፅ በሁለት እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት የሚተኩስ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። በዚህም የተንግስተን ካርባይድና የኮባልት ድብልቅ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይለበጥ ጀመር፤ በኮምፕሬሰር ክንፎች መካከል እርስ በርስ የሚፋተጉት ድጋፎች በዚህ ልባጥ ዕድሜ አገኙ። ሾፕ በሞተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደግሞ የፕላዝማ ሽጉጥ መጣ፤ የእሱ ነበልባል ከ10,000 ዲግሪ ስለሚያልፍ የማይቀልጥ ነገር የለም፤ ሴራሚክም ተረጨ። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ዓይነት ቢለወጥም አሠራሩ ያው የ1912ቱ ነው፤ ማቅለጥ፣ ማድቀቅ፣ መወርወር፣ ዕቃውን ግን አለማጋል።

ዛሬ በተርባይን ጥገና ቤት አንድ የኩሽኔታ መቀመጫ ሲጠገን ይህ አካሄድ በግልጽ ይታያል። ዕቃው ይታጠባል፤ አሮጌው ልባጥ በኬሚካል ወይም በውሃ ግፊት ይገፈፋል፤ ከዚያም አብረቅራቂ ቀለም ተቀብቶ በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ስንጥቅ ይፈለግበታል። ስንጥቅ ከተገኘ ርጭት የለም፤ ጉዳዩ ወደ ሌላ ውሳኔ ይሄዳል። ከላይ ያልሁት አደጋ የሚዘጋው በዚህች ደረጃ ነውና ከጥገናው ሁሉ የከበደችው ይህች ናት። ስንጥቅ ከሌለ የማይረጨው ሥፍራ ይሸፈናል፣ የሚረጨው በአሸዋ ይገረፋል፣ ወዲያውኑም ይረጫል፤ በመጨረሻ በመፍጫ ድንጋይ ወደ ልኩ ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር ትንሽ የብረት ናሙና አብራ ትረጫለች፤ በናሙናዋ ላይ ሌላ ብረት በሙጫ ተጣብቆ በጉተታ ይፈተናል። በሾፕ ሽጉጥ የተረጨ ልባጥ ከእነዚህ ዘመናዊ ልባጦች እጅግ ባነሰ ጉተታ ይላቀቅ ነበር። አሁን በከፍተኛ ፍጥነት የሚረጨው ካርባይድ ሲጎተት ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ሙጫው እንጂ ልባጡ አይደለም።

የሚገርመው ግን ከሾፕ ጀምሮ እንደ ነውር ሲቆጠር የኖረው ቀዳዳ ክብር ማግኘቱ ነው። በኮምፕሬሰር ዙሪያ ባለው ቤት ላይ ሆን ተብሎ ለስላሳና ቀዳዳማ የሆነ ልባጥ፣ ለምሳሌ የኒኬልና የግራፋይት ድብልቅ፣ ይረጫል። የክንፉ ጫፍ ቢነካው ክንፉ ሳይጎዳ ልባጡ ይፋቃል፤ ክፍተቱም በጣም ጠባብ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሙቀት መከላከያው ልባጥ ነው። በ1976 በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ በሚገኘው የናሳ ሉዊስ የምርምር ማዕከል፣ በዚርኮኒያ የተለበጡ የተርባይን ክንፎች በጄ 75 ሞተር ውስጥ ተፈተኑ፤ ተስፋም ሰጡ። ከዚያም ዚርኮኒያው ከ6 እስከ 8 በመቶ በሚሆን ይትሪያ ሲቀየጥ ዕድሜው እንደሚረዝም ተደረሰበት። ይህ ሴራሚክ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም፤ በፕላዝማ ሲረጭም በጠብታዎቹ መካከል የሚቀሩት ቀዳዳዎችና ስንጥቆች ማስተላለፉን ይበልጥ ይቀንሱታል። ደግሞ ብረቱ ሲግል ከሴራሚኩ የበለጠ ይሰፋል፤ ድፍን ሴራሚክ ቢሆን ኖሮ በተሰነጣጠቀና በተነቀለ ነበር። ቀዳዳዎቹና ጥቃቅኖቹ ስንጥቆች ግን እየተከፈቱና እየተዘጉ ያንን ልዩነት ይችሉታል። የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት አሥረኛ ከሆነው ከዚህ ልባጥ በታች ያለው ብረት ከ100 ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ይኖራል። ዛሬ የልባጥ መሐንዲስ በማጉያ መነጽር ሥር ቀዳዳዎችን የሚቆጥረው እንዳይበዙ ብቻ ሳይሆን እንዳያንሱም ነው።

በአውሮፕላን ሞተር ላይ እጅግ የሚፈተኑት ተሽከርካሪ ክንፎች አሁን በአብዛኛው የሚለበጡት በርጭት ሳይሆን ሴራሚኩን በኤሌክትሮን ጨረር እያተነኑ መሆኑን መጨመር ተገቢ ነው። የማቃጠያ ክፍሎቹና የታላላቅ ማመንጫ ተርባይኖች ክፍሎች ግን በስፋት የሚለበጡት አሁንም በርጭት ነው።

በኒው ዮርክ የተቋቋመው ሜትኮ በ1994 በስዊዘርላንዱ ሱልዘር ተገዛ፤ በ2014 ደግሞ ሌላው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ኦርሊኮን ወሰደው። የሾፕ ስም ግን በተርባይን ጥገና ቤት አይሰማም፤ የሚሰማው ከዚያ በጣም በተለየ ሥፍራ ነው። በፕላስቲክ ስስ ገበታ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ካፓሲተሮች ከተጠቀለሉ በኋላ ሁለቱ ጫፎቻቸው በዚንክ ይረጫሉ፤ የኤሌክትሪክ መውጫዎቹም በዚያ ላይ ይበየዳሉ። በካፓሲተር ፋብሪካዎች ይህ ርጭት ዛሬም ሾፓዥ ይባላል።